ልጅ ያልወለደችው እሌኒ ስድስት ነገሥታትን በምን ኃይል ተሻገረች?

ይህን የውይይት ክር በኢንተርኔት መድረክ የከፈትኩት በልጄ ደብተር ምክንያት ነው። ልጄ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ በመካከለኛው ዘመን ስለነበሩ የአገራችን ሴቶችና ስለ ተሰሚነታቸው ሁለት ገጽ ጽፋ እንድትመጣ ታዝዛ ነበር። ማታ ደብተሯን ሳየው ሁለት መስመር ብቻ አገኘሁ። በአንደኛው «ዮዲት ጉዲት» ከሚለው ስም አጠገብ «አጥፊ» ተብሏል፤ በሁለተኛው «እቴጌ እሌኒ» ከሚለው አጠገብ «ብልኅ» ተብሏል። ሌላ ስም ከየት ላምጣ ብላ ጠየቀችኝ። በቤታችን ያሉትን የታሪክ መጻሕፍት አንድ ላይ ገለጥን፤ ይኩኖ አምላክ ከነገሠበት ከ1270 አንሥቶ እስከ ግራኝ ጦርነት ያሉት ገጾች በነገሥታት፣ በአሚሮች፣ በጳጳሳትና በመነኮሳት ስም ተሞልተዋል፤ የሴት ስም ግን ጣት አያስቆጥርም። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ በዚያው ሌሊት ጥያቄዬን ለመድረኩ አቀረብኩ። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፌንም ከወዲሁ ገለጽኩ።

የመክፈቻዬ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። በዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ለሴት የተከፈተላት ዋናው የሥልጣን በር የወለደችው ልጅ ነው። ልጇ ሲነግሥ እናቲቱ ትከበራለች፤ ልጁ ሕፃን ከሆነም እስኪጎለምስ ድረስ ከመኳንንቱ ጋር አገር ታስተዳድራለች። እሌኒ ግን ልጅ አልነበራትም። የሐድያው ገራድ (ገዥ) የመሐመድ ልጅ ናት፤ ከእስላም ቤት ወጥታ፣ ተጠምቃ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ሚስት ሆነች፤ ቀኝ በዓልቲሐት (የቀኝ እመቤት) የሚለውን ማዕርግም ያዘች። ባሏ ካረፈ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ኖራለች። ልብነ ድንግል በ1508 ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥ፣ መንግሥቱን በእጃቸው ከያዙት ሰዎች ዋነኛዋ እርሷ ነበረች። እንግዲህ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ የአባቷ አገር ከቤተ መንግሥቱ ጋር ሲጣላና ሲታረቅ የኖረባት ሴት አምስት ነገሥታትን በምን ኃይል ተሻገረች? ግምቴ እውቀቷና መሬቷ ናቸው ብዬ ጻፍኩ፤ የሚያውቅ ያርመኝ ብዬም ዘጋሁ።

በአራት ቀን ውስጥ 31 መልስ መጣ። ከነጽሑፋቸው ከምገለብጣቸው ይልቅ የተባለውን በተራው በራሴ ቃል ብተርከው ይሻላል ብያለሁ፤ ገሚሱ ረጅም ነው፣ ገሚሱም በንዴት የተጻፈ ነው።

መልስ 1 የአንድ የግዕዝ ተማሪ ነበር፤ ከሰላምታና ከምስጋና በኋላ ሁለት እርማት ሰጠኝ። ነገሥታቱ አምስት ሳይሆኑ ስድስት ናቸው። ዘርዐ ያዕቆብን፣ በእደ ማርያምን፣ እስክንድርን፣ ናዖድንና ልብነ ድንግልን ቆጥሬ፣ በ1494 ሕፃን ሳለ ነግሦ ስድስት ወር ያህል ብቻ የቆየውን የእስክንድርን ልጅ ዳግማዊ ዓምደ ጽዮንን ዘልዬዋለሁ። ሁለተኛው ስለ ማዕርጓ ነው፤ ዜና መዋዕሉ «ንግሥትነ እሌኒ» እያለ ነው የሚጠራት፤ «እቴጌ» የሚለው ስያሜ የጸናው ግን ከእርሷ በኋላ በመጡት ላይ ነው። ሁለቱንም ተቀበልኩ፤ ርእሱንም ያኔውኑ አስተካከልኩ።

መልስ 2 የዚያው ሰው ነበር፤ ክሩን ያቀናልኝ እርሱ ነው እላለሁ። የበእደ ማርያም ዜና መዋዕል ጸሐፊ ንጉሡ እሌኒን አብዝቶ ይወዳት እንደነበረ ከተናገረ በኋላ ምክንያቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በእግዚአብሔር ፊት በእምነቷ የጸናች፣ ጸሎት የማታስታጉል፣ ቅዱስ ቁርባን የምትቀበል ነበረች፤ በዓለማዊው ሥራም ማዕድ ማሰናዳት የተካነች፣ መጻሕፍትን የምታውቅ፣ ሕግ የተማረች፣ የመንግሥትን ነገር የምታስተውል ነበረች። እናቱን በልጅነቱ ያጣው ንጉሥ እንደ እናቱ ያያት እንደነበርም ተማሪው አክሏል። ዜና መዋዕል ጸሐፊ የንጉሥን ዘመቻ ለመጻፍ የተቀመጠ ሰው ነው፤ ስለ አንዲት ሴት እውቀት ለመናገር ብዕሩን ካቆመ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የታወቀና የማይታለፍ ነገር ስለሆነ ነው ሲል ደመደመ።

መልስ 3 በዚህ አልተደሰተም። ጸሐፊው ስለ እሌኒ አስቀድሞ የጠራው ዓለማዊ ሙያ የማዕድ ነገር ከሆነ፣ ያወደሳት እንደ ንግሥት ሳይሆን እንደ ወጥ ቤት አዛዥ ነው፤ የሴት ሙያ ከጓዳ አይወጣም ከሚለው አስተሳሰብም አልወጣም ብሎ ተከራከረ። እኔም ለጊዜው ትክክል መስሎኝ ነበር።

መልስ 4 ግን አሳቤን አስለወጠኝ። የጻፉት ዕድሜያቸው የገፋ አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው እየተየበላቸው መሆኑንም ገልጸዋል። በልጅነታቸው በአያታቸው ቤት ትልቅ ግብር ሲበላ አይተዋል። በሬው ሲታረድ ሻኛው ለማን፣ ፍሪንባው ለማን፣ ሽንጡ ለማን፣ ጎድኑ ለማን እንደሚሰጥ የምታውቀው አያታቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ የሥጋውን ጣባ በስሕተት ለማይገባው ሰው ስላቀረበች፣ ብልቱ የሚገባው ሰው እጁን ሳይታጠብ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ፤ ሁለቱን ቤተ ሰቦች ለማስታረቅ ሽማግሌዎች ሁለት ክረምት ለፉ። ከጠጁም የመጀመሪያው ብርሌ ለማን እንደሚቀዳ፣ ከአዳራሹ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚቀመጥ የሚወሰነው በጓዳ ነበር። እንግዲህ በንጉሥ ቤት ማዕድ ማሰናዳት ማለት ሹመትን፣ ቂምንና ውለታን ማወቅ ማለት ነው፤ እናንተ ወጥ ሥራ መሰላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። የመልስ 3 ጸሐፊ ቆየት ብሎ ይቅርታ ጠይቋቸዋል።

መልስ 5 አንድ መስመር ነበር፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን የታወቀ ተረት ብቻ ጽፎ ሄደ። መልስ 6 በቁጣ የመጣ ነው፤ ተረቱ ራሱ ሴት እንደምታውቅ መስክሯል፤ የሚከራከረው እውቀቷ በማን ስም ይፈጸም በሚለው ላይ ነው አለ። ከዚያም የዘርዐ ያዕቆብን ዜና መዋዕል ጠቀሰ፤ ያ ንጉሥ ሴት ልጆቹንና የቅርብ ዘመዶቹን በየአውራጃው ሾሟል፤ ድል ሠምራን በትግራይ፣ ሮም ገነየላን በሸዋ፣ መድኅን ዘመዳን በዳሞት። ሴት አገር ስትገዛ በዚያ ዘመን ታይቶ አይታወቅም ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ነው ሲል ጨረሰ።

መልስ 7 ግን እዚያ ላይ አትቁም አለው፤ አነጋገሩ ትሑት ቢሆንም የጻፈው ከባድ ነበር። ከተሾሙት ልጆች አንዳንዶቹ፣ ድል ሠምራና ሮም ገነየላ ጭምር፣ ኋላ ጣዖት አምልካችኋል ተብለው በአባታቸው ትእዛዝ ክፉ ቅጣት ደርሶባቸዋል። የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ልጇን ለማንገሥ አሢራለች በሚል ተከስሳ በደረሰባት ድብደባ ሞታለች፤ ልጇ ለእናቱ መታሰቢያ በስውር በማድረጉ እርሱም ታሰረ። አባት የሰጠውን ሹመት አባት የሚነሣው ከነሕይወት ከሆነ፣ ያ ሹመት የሴቶች ሥልጣን ይባላልን? እኔ በበኩሌ ለዚህ ጥያቄ የረጋ መልስ የለኝም። ይሁንና ከዚያው ቤተ መንግሥት፣ ከዚያው ንጉሥ አጠገብ እሌኒ በሕይወት መውጣቷ ብቻውን ጥያቄዬን ያከብደዋል።

መልስ 8 እና 9 ስለ ጣይቱና ስለ ምንትዋብ ነበሩ። ምንትዋብ የ18ኛው፣ ጣይቱ የ19ኛው መቶ ዘመን ሰው መሆናቸውን ገልጬ፣ ሌላ ክር እንዲከፈትላቸው በትሕትና ለመንኩ።

መልስ 10 ወደ ነገሩ መለሰን። በ1478 በእደ ማርያም ሲሞት እስክንድር ሕፃን ነበር፤ መንግሥቱን የያዙት እናቱ ሮምና፣ ቢትወደድ ዓምደ ሚካኤልና የታላቅ ገዳም አበምኔት የነበሩት ተስፋ ጊዮርጊስ ናቸው፤ እሌኒ ወደ ዳር ተገፋች። የእናትነቱ በር ምን ያህል ሰፊ እንደነበረ ከዚህ ይታወቃል፤ የወለደችው ገባች፣ ያልወለደችው ወጣች። ነገር ግን ከ30 ዓመት በኋላ ልብነ ድንግል ሲነግሥ፣ ወላጅ እናቱ ናዖድ ሞገሳ በሕይወት እያለች፣ ከእርሷ ጎን ቆማ መንግሥቱን እንድትመራ የተጠራችው ያልወለደችው እሌኒ ናት። ይህን በአንድ አንቀጽ የጻፈው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የክሩን ጥያቄ ከእኔ ከራሴ አብልጦ ያስቀመጠው ግን እርሱ ነው።

መልስ 11 ስለ ፖርቱጋል ደብዳቤ ነበር። ጸሐፊው እሌኒ ግራኝ ሲመጣባት ድረሱልኝ ብላ ጻፈች አለ። የግዕዙ ተማሪ በመልስ 12 አረመው፤ ማቴዎስ የተባለው አርመናዊ መልእክተኛ የተላከው በ1509 ገደማ ሲሆን ግራኝ ልብነ ድንግልን ድል ያደረገበት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት የተደረገው በ1529 ነው። ማቴዎስ በ1512 ሕንድ ውስጥ ጎዋ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ ለንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤዋንና የመስቀሉን ግማድ አቀረበ። በደብዳቤዋም ለየብሱ ጦርና ስንቅ እንዳላት፣ በባሕር ላይ ግን ኃይል እንደሌላት ገልጻ፣ የእነርሱን መርከብና የእኛን ሠራዊት እናስተባብር፣ ልጆቻችንንም እናጋባ ብላለች። ተማሪው እንዳለው ይህ የተጨነቀ ሰው ጩኸት አይደለም፤ ቀይ ባሕር የማን ሊሆን እንደሆነ ከሩቅ አይታ፣ የጎደላትን ለይታ የጻፈች ሴት አሳብ ነው። ዐሥር ዓመት የፈጀው የማቴዎስ መንገድም ያሳዝናል፤ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ምጽዋ በወረደ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በደብረ ቢዘን ገዳም ሞተ።

መልስ 13 ከሐድያዋ ከተማ ከሆሳዕና ነው። ሰውየው በጨዋ ቃል ይጻፍ እንጂ ማዘኑ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። እኔ በመክፈቻዬ «ከእስላም ቤት ወጥታ» ብዬ የጻፍኩትን ጠቅሶ፣ ከባዶ ቤት የወጣች ታስመስሏታላችሁ አለኝ። ሐድያ ገራዶች ያሏት፣ ፈረሰኛ የምታሰልፍ፣ ከነገሥታቱ ጋር በግብርና በጋብቻ የምትዋዋል አገር ነበረች። እሌኒም የመጣችው እንደ ውል ማኅተም ነው። ገራድ ማሂኮ ግብር አልሰጥም ብሎ ሲያምፅ ተገድሎ አጎቱ ባሞ ተሾመ፤ ማሂኮ የመሐመድ ልጅ ነውና የእሌኒ ወንድም ነው። እርሷ በቤተ መንግሥት ቀኝ በዓልቲሐት ሆና ተቀምጣ ሳለ የወንድሟን ሞት ሰማች። ዐሥራ ሁለት መልስ ጽፋችሁ ያን ቀን ምን ይሰማት እንደነበር የጠየቀ፣ ሳትጠመቅ በፊት ማን ትባል ነበር ያለ አንድ ሰው ከመካከላችሁ አልተገኘም አለ።

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። የጻፍኩትን ዐረፍተ ነገር አልሰረዝኩትም፤ ተሰርዞ ከሚጠፋ ከነእርማቱ ቢታይ ይሻላልና። ከሥሩ ግን ይቅርታዬን ጨመርኩ፤ እሌኒ ከአዳል የእስላም መንግሥት ጋር ውጊያ ሳይሆን ሰላም ትሻ እንደነበር የሚነገረውም ከዚህ ከትውልዷ ጋር መያያዝ እንዳለበት ጻፍኩ።

የአዳል ስም መነሣቱ በሩን ከፈተው። በመልስ 14 አንዲት የሐረር ልጅ፣ ስለ ዘመኑ ሴቶች እየተወራ ባቲ ድል ወንበራ እስካሁን አለመጠራቷ ያሳፍራል አለች። የአሚር ማሕፉዝ ልጅ፣ የኢማም አሕመድ (የግራኝ) ሚስት ናት። ኢማሙ ሲዘምት አብራ ዘመተች፤ ወታደሮቹ የቀደሙት አሚሮች ሚስት ይዘው አልዘመቱም፣ ትመለስ ብለው ቢያጉረመርሙም ባሏ አልሰማቸውም። ነፍሰ ጡር ሆና የትግራይን ተራራ በሰው ትከሻ ተሻግራለች፤ በዘመቻው ላይ እያለችም ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለች።

ከመልስ 15 እስከ 17 ያለውን ለመተረክ ልቤ አይፈቅድም። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለ ጦር አጃቢ ለምን ይወደሳል አለ፤ ሌላው የእናንተ ነገሥታትስ የማንን አገር አቃጠሉ ሲል መለሰ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱንም ተሳደበ። የመድረኩ ኃላፊ ሁለቱን አጥፍቶ አንዱን አስጠነቀቀ። እኔም ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የሞቱ ሰዎችን ጦርነት ዛሬ እዚህ አንዋጋው፤ የምንጠይቀው ሴቶቹ ምን አደረጉ የሚለውን ነው ብዬ ጻፍኩ። የሐረሯ ልጅ ስድቡን ሰምታ አለመሄዷን አሁንም አመሰግናታለሁ።

መልስ 18 ነገሩን አበረደው። የጻፉት በዲሲ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አቁመው ብዙ ጻፉ። በአንድ ወገን የልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል አለች። ባሏ በ1540 ሲሞት አገሩ በኢማሙ እጅ ነበር፤ ልጇ ፊቅጦር በ1539 በጦርነት ተገድሏል፤ ልጇ ሚናስ በዚያው ዓመት ተማርኮ ወደ የመን ተልኳል። ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋላውያን ይዞ በ1541 ሲመጣ ከደብረ ዳሞ አምባ ወርዳ ከጦሩ ጋር ተሰለፈች፤ በ1542 ወፍላ ላይ ድል ሆነው ዳ ጋማ ሲገደልም ከተረፉት ጋር ሸሽታ ልጇን ገላውዴዎስን እስኪገናኙ አልተለየቻቸውም። በሌላው ወገን ድል ወንበራ አለች። የካቲት 1543 ኢማሙ በወይና ደጋ ሲገደል ልጇ መሐመድ ተማረከ፤ እርሷ ወደ ሐረር አመለጠች።

አሁን ሁለት እናቶች፣ ሁለት የተማረኩ ልጆች አሉ አሉ መምህሩ። ሰብለ ወንጌል የድል ወንበራ ልጅ እንዳይገደል ተከላከለች፤ ድል ወንበራም በበኩሏ ሚናስ ከየመን እንዲመለስ አደረገች፤ ልጆቹ ተለዋወጡ። ሚናስ በ1559 ነገሠ። የዚያን ዓመቱ የገላውዴዎስ ሞትም ከዚህች ሴት ጋር የተያያዘ ነው፤ ድል ወንበራ የኢማሙን የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን ያገባችው የባሏን ደም እንዲመልስላት አስምላ ነበርና፣ ገላውዴዎስን የገደለው ጦር የኑር ነው። አባቷ ማሕፉዝም የሞተው ከልብነ ድንግል ጦር ጋር ሲዋጋ መሆኑን መምህሩ አስታውሰው፣ እሌኒ ሰላሙን በመሻቷ ምን ልታስቀር እንደነበረ ከዚህ ገምቱ ብለው ጨረሱ።

ከመልስ 18 በኋላ ለአንድ ሙሉ ቀን ማንም አልጻፈም።

መልስ 19 ከእስራኤል መጣ። ጸሐፊዋ ወላጆቿ ከጎንደር አካባቢ የወጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። ልጄ በደብተሯ ስለ ዮዲት «አጥፊ» ብላ መጻፏ በልጅነቷ የሰማችውን አስታወሳት፤ በመንደራቸው ልጆች ሲጣሉ እርሷን የሚሰድቧት የጉዲት ዘር እያሉ ነበር። ታሪክ ስለ አንዲት ንግሥት እርግጡን ባያውቅም ሕፃን ልጅ ስለ እርሷ ስትሰደብ አድራለች አለች። የግዕዙ ተማሪ በመልስ 20 የሚታወቀውን ለየ። ኢብን ሐውቀል የተባለው የ10ኛው መቶ ዘመን ዓረብ ጸሐፊ የሐበሻን ንጉሥ ገድላ የምትገዛ ሴት መኖሯን ጽፏል። በእስክንድርያ ፓትርያርክ በፊላታዎስ ዘመን፣ በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ አንድ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ልኮ፣ አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳጠፋችበት ተናግሯል። አይሁዳዊት ናት የሚለው ከአገራችን ትውፊት የመጣ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ስሟንም ሃይማኖቷንም እንዲያ አድርገው አልጻፉም፤ ከደቡቡ ከዳሞት ወገን ትሆናለች ያሉ ሊቃውንትም አሉ። ለእስራኤሏ እኅታችን ይህ ጥቂት ነገር ሊሆን ይችላል፤ እርሷ ግን አመስግና መለሰችለት።

መልስ 21 ስለ ንግሥታት ብቻ መጻፋችን እንዳልጣማት የገለጸች የሕግ ባለሙያ ነበረች፤ እውነት አላት። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ተራው ሰው ጋብቻ ያየውን ጽፏል። ሲጋቡ ውል ይዋዋላሉ፤ ጥሎ የሄደ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ይህን ያህል ወርቅ ወይም በቅሎ፣ ላም፣ ጨርቅ ይከፍላል ተብሎ ይወሰናል። መፋታት በሁለቱም ወገን የሚቻል ነበር። ሴት ልጅ ከእናቷም ከአባቷም ርስት ትካፈል ከነበረ፣ ባሏን ፈትታ የምትመለስበት መሬት አላት ማለት ነው። እሌኒን ያጸናት መሬቷ ነው የሚለው ግምቴ በትንሹ ለገበሬዪቱም እንደሚሠራ አሳየችኝ።

መልስ 22 እዚያው ላይ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራን አመጣ። በ15ኛው መቶ ዘመን የኖረች የቡልጋ ሰው ናት፤ ባለ ትዳር፣ የልጆች እናት፣ አገልጋዮች ያሏት። ገድሏ እንደሚለው አንዲት አገልጋይዋን ተቆጥታ በአፏ ፍም ጨመረችባት፤ ልጅቱ ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ በጸጸት ተቃጠለች፤ አገልጋይዋ በጸሎት ከተነሣች በኋላ ቤቷን ትታ በደብረ ሊባኖስ መነኰሰች፤ ኋላም ወደ ጣና፣ ወደ ጓንጉት ሄደች። ፈጣሪን ከዲያብሎስ ጋር ለማስታረቅ እስከ ሲኦል የወረደች ናት። ጸሐፊው እናቱ በየዓመቱ ነሐሴ 24 ዝክሯን እንደሚዘክሩ ነገረን። እኔ ከገድሉ የማልረሳው ግን ያቺን ፍም ነው፤ በዘመኑ ቤት ውስጥ እመቤትና አገልጋይ ምን ያህል የተራራቁ እንደነበሩ ከዚህ የበለጠ አይነገርም።

መልስ 23 የላሊበላን ሚስት መስቀል ክብራን ጨመረ። ቤተ አባ ሊባኖስን በአንድ ሌሊት ከመላእክት ጋር አነጸች ይባላል። ባሏን መንግሥቱን ለነአኵቶ ለአብ እንዲለቅ ያግባባችው እርሷ ናት፤ የንጉሡ ወታደሮች የአንድ ድኻ ገበሬ አንዲት ላም ነጥቀው ማረዳቸውን ስትሰማ ግን ባሏን ወደ ዙፋኑ መለሰችው ይላል ትውፊቱ።

ከ24 እስከ 26 ወጣ ያልን ነበርን። አንዱ «ባልቴት» የሚለው የዛሬ ቃል ከ«በዓልቲሐት» የወረደ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ተማሪው ሥሩ «በዓል፣ በዓልት» መሆኑን፣ ባለቤት፣ እመቤት ማለት እንደሆነ ነገረው። የመልስ 4 እናት ገብተው፣ ባልቴት ስትሉ ያዘነችና የደኸየች ሴት ይታያችኋል፤ እኔ በልጅነቴ የማውቃት ባልቴት ግን የራሷ ጎተራ የነበራት ናት አሉ።

መልስ 27 መርጡለ ማርያም ደርሶ የመጣ ሰው ነው። ጎጃም እነብሴ ላይ እሌኒ ካሠራችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሞ የፈረሰውን የድንጋይ ግንብ አይቷል፤ በአበባ ቅርጽ የተጠረበው ድንጋይ ላይ እጁን አሳርፎ፣ እርሷም ነክታው ይሆን ብሎ አስቧል። መልስ 28 በመጠኑ ኮምጠጥ ብሎ፣ ዛሬ የሚታየው ጥርብ በአብዛኛው በ17ኛው መቶ ዘመን ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) በቦታው ሲሠሩ የተተወ መሆኑን፣ የእርሷ ሕንፃ በጦርነት መጥፋቱን ነገረው። ሰውየው አልተከፋም፤ እንግዲያውስ መሬቱን ነክቻለሁ አለ።

መልስ 29 ይህን መሬት ይዞ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ተመለሰ። ጎጃም የእሌኒ ጉልት (ግብሩን የምትበላው መሬት) ነበር። አልቫሬዝ በንጉሡ ካምፕ ሳለ እሌኒ ሞተች፤ ከዚያ ከጎጃም የሚገባው ግብር ወደ ንጉሡ ሲመጣ አየ፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ የጥጥ ልብስና ወርቅ በተራ በተራ እየቀረበ ካምፑን ሞላው። ያን ሁሉ ስትቀበል የኖረች ሴት ወታደር ትቀልባለች፣ ቤተ ክርስቲያን ታሠራለች፣ ባሕር ማዶ መልእክተኛ ትልካለች። ስለ ኀዘኑም አልቫሬዝ የሰማው አለ፤ እርሷ ስትሞት ትልቁም ትንሹም ሞተ፣ በሕይወት ሳለች ሁሉ ይጠበቅ ነበር፣ ለሁሉም አባትም እናትም ነበረች ይባል ነበር። ልጅ ያልወለደችውን ሴት ካምፑ ሁሉ አባትና እናት ብሎ አለቀሰላት።

መልስ 30 የሆሳዕናው ወንድማችን ነበር። ይህን ካነበበ በኋላ ማዘኑ እንዳልቀረለት፣ የእሌኒን የልጅነት ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ቢኖር ብሎ በአገሩ ሊጠይቅ እንደ ሆነ ጻፈ። ቢያገኝም ባያገኝም ተመልሶ እንደሚነግረን ቃል ገብቷል።

መልስ 31 የሐረሯ ልጅ ናት፤ ልጅሽ የቤት ሥራዋን አስረከበች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አስረክባለች። ሁለቱ ገጽ አምስት ሆነ፤ እሌኒን በሁለት ገጽ፣ ሰብለ ወንጌልንና ድል ወንበራን ልጆቻቸውን ከተለዋወጡበት ታሪክ ጋር በአንድ ገጽ፣ ክርስቶስ ሠምራንና አገልጋይዋን በአንድ ገጽ ጻፈች። በአምስተኛው ገጽ ላይ «አጥፊ» የሚለውን ቃል በላጲስ ስለ ፈተገችው ወረቀቱ ሳስቷል፤ በቦታው የጥያቄ ምልክት አድርጋበታለች።